ለባንክ «ገንዘቤን መልስ» ማለት ልመና አይደለም

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ እዚህ እንግሊዝ አገር የምትኖሩ፤ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ሥራ ላይ ያላችሁ ማታ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። የማይመለከታችሁ ቢመስላችሁም አንብቡት፤ የሚመለከተው ሰው አጠገባችሁ ተቀምጦ ዝም ብሎ ይሆናል።

ሰሞኑን ስለ ባንክ ቻርጅ አጭር ነገር ለጥፌ ነበር። ከሥሩ የመጡት አስተያየቶች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ሰው ገንዘቡን መያዝ አቅቶት ለተቀጣው ቅጣት፣ መልሱልኝ ብሎ ባንክ ሲለምን አያፍርም እንዴ?» የሚል። የጻፉት ጨዋ ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹን ክፍል ውስጥ ሒሳብ አያያዝ አስተምሬያቸዋለሁ። እናም ኮሜንት ላይ ከመጨቃጨቅ በሒሳብ ልመልስላቸው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እናስተካክል። ልመና ማለት የሌላውን ሰው ገንዘብ ስጠኝ ማለት ነው። የራስህ ገንዘብ ያለ አግባብ ተወስዶ መልስ ማለት ልመና አይባልም፤ ሒሳብ ማስተካከል ነው የሚባለው። ጥያቄው «ያፍራል ወይስ አያፍርም?» አይደለም። ጥያቄው «የተወሰደው በአግባብ ነው ወይ?» ነው። እሱን እንመርምር።

ለወጣቶቹ ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከ2020 በፊት ነገሩ እንዴት ይሠራ እንደነበር በምሳሌ ላሳያችሁ። አካውንታችሁ ላይ 11 ፓውንድ አለ እንበል። የ14 ፓውንድ የስልክ ዳይሬክት ዴቢት ይመጣል። የጎደለው 3 ፓውንድ ነው። ባንኩ ክፍያውን ይመልሰውና 35 ፓውንድ ይቆርጣል። አሁን ከዜሮ በታች 24 ወረዳችሁ። «ያልተፈቀደ ኦቨርድራፍት ውስጥ ገብታችኋል» ተብሎ ሌላ 28 ፓውንድ ይቆረጣል። ከዜሮ በታች 52። ቀጥሎ ካውንስል ታክስ ሲመጣ እሱም ይመለሳል፤ ሌላ 35። ከዜሮ በታች 87። በ3 ፓውንድ ጉድለት 98 ፓውንድ ተቀጣችሁ ማለት ነው። የስልኩም የካውንስሉም ዕዳ ግን ገና አልተከፈለም! እነሱም በፋንታቸው የዘገየበትን ይጨምራሉ። ደመወዝ ሲገባ መጀመሪያ የሚበላው የባንኩ ቅጣት ነው፤ ስለዚህ ደመወዙ ለኪራዩ አይበቃም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ወር እንደገና።

ቁጥሮቹን ያወጣኋቸው ለምሳሌ ነው፤ ግን በዚያ ዘመን ለአንድ የተመለሰ ክፍያ 35 ፓውንድና ከዚያም በላይ የሚቆርጡ ባንኮች ነበሩ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይሄ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅጣት የመጣው ሰውየው ገንዘብ ስላጠፋ አይደለም። የመጀመሪያው ቅጣት ራሱ ነው የወለዳቸው።

ተማሪዎቼ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ክፍያው እንዲመለስ የሚያደርገው ኮምፒውተር ነው። ማንም ሰው ከወንበሩ አይነሳም። ታዲያ 35 ፓውንድ የምን ወጪ ማካካሻ ነው? በ2006 የእንግሊዝ የንግድ ፍትሐዊነት ጽሕፈት ቤት (ኦ.ኤፍ.ቲ.) የክሬዲት ካርድ መዘግየት ቅጣትን መርምሮ፣ ከ12 ፓውንድ በላይ የሚያስከፍል ካለ ጣልቃ እገባለሁ ብሎ ነበር። ያኔ ሕዝቡ ነቃ። «የክሬዲት ካርዱ ካልተገባ የባንክ አካውንቱስ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ሰዎች በየቤታቸው የስድስት ዓመት ስቴትመንት አውጥተው፣ በቢጫ ቀለም እያሰመሩ፣ ደብዳቤ ጻፉ። ባንኮቹም ፍርድ ቤት ቀርቦ ከመከራከር መክፈልን መረጡ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ መለሱ።

እዚህ ላይ ቆም በሉና አስቡ። ቅጣቱ በአግባብ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ያህል ጠበቃ ያለው ባንክ ለምን ይመልሳል? አዛኝ ሆኖ ነው?

በ2007 ኦ.ኤፍ.ቲ. ሰባት ባንኮችንና አንድ የቤት ቁጠባ ማኅበርን (ኔሽንዋይድን) ፍርድ ቤት ወሰዳቸው። ጉዳዩ እስኪያልቅ የሌላው ሰው ቅሬታ ሁሉ እንዲቆይ ተደረገ። በ2008 ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ በ2009 መጀመሪያ ደግሞ የይግባኙ ፍርድ ቤት «ቅጣቱ ፍትሐዊ መሆን አለመሆኑ ሊመረመር ይችላል» አሉ። ሰው ደስ አለው። ኅዳር ወር፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2009፣ ገና ሥራ በጀመረ በሁለተኛ ወሩ አዲሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያን ገለበጠው። አምስቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ።

ዛሬም ድረስ «ፍርድ ቤት እኮ ለባንኮቹ ፈርዷል፣ አለቀ» የሚል ሰው አለ። ምን እንደተፈረደ ግን ማንበብ ይገባል። ፍርድ ቤቱ «ቅጣቱ ፍትሐዊ ነው» አላለም። ያለው «ይሄ ክፍያ ባንኩ ለሚሰጠው አገልግሎት ከሚከፈለው ዋጋ አንዱ ክፍል ነው፤ በዚያ ደንብ መሠረት ደግሞ ዋጋ ተመጣጣኝ ነው አይደለም ብሎ መመርመር አይቻልም» ነው። ትልቅ ልዩነት አለው። ዳኛ «ይህን በር እኔ መክፈት አልችልም» ሲል፣ «ከበሩ በስተጀርባ ያለው ንጹሕ ነው» ማለቱ አይደለም።

ከዚያ ፍርድ ውስጥ ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ባንኮቹ ራሳቸውን የተከላከሉት እኮ «ዋጋ ነው» ብለው ነው። ለእኛ ለደንበኞቹ በደብዳቤ ሲጽፉልን ግን «ጥፋት ስላጠፋህ ነው» ነበር የሚሉን። ቤት ውስጥ ቅጣት፣ ፍርድ ቤት ዋጋ። በዚያን ጊዜ ባንኮች ከግል አካውንቶች ከሚያገኙት ገቢ ከ30 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእነዚህ ክፍያዎች ነበር። አስቡት፤ ከገቢው አንድ ሦስተኛ ገደማ! ይህን ያህል ገቢ ከደንበኛ ስህተት የሚሰበስብ ድርጅት፣ ስህተቱ እንዳይደገም የሚፈልግ ይመስላችኋል?

ታዲያ ማን ነው የሚከፍለው? እዚህ ላይ ነው ንዴቴ።

እንግሊዝ አገር የባንክ አካውንት «ነጻ» ነው ይባላል። ወርኃዊ ክፍያ የለውም። ግን ነጻ ምሳ የሚባል ነገር እንደሌለ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ነግሬያችኋለሁ? ሕንፃው፣ ኮምፒውተሩ፣ ሠራተኛው ወጪ አለው። ያን ወጪ ከሚሸፍኑት አንዱ ደሃው ነው። የባንኮቹ ተቆጣጣሪ (ኤፍ.ሲ.ኤ.) በኋላ ላይ ሲመረምር፣ በ2016 ካልተፈቀደ ኦቨርድራፍት ከተሰበሰበው ክፍያ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የከፈሉት ከደንበኞቹ 1.5 በመቶ የሚሆኑት ብቻ እንደሆኑ አገኘ። ከመቶ ሰው አንድ ተኩል ሰው! በደሃ ሰፈር የሚኖረው ደግሞ ከሀብታም ሰፈሩ ይልቅ ለዚህ ክፍያ የተጋለጠ ነው። አንዳንዴም ክፍያው ከአራጣ አበዳሪዎቹ፣ «ፔይዴይ ሎን» ከሚባሉት፣ ከአሥር እጥፍ በላይ የሚሆንበት ጊዜ እንደነበር ተቆጣጣሪው ራሱ ጽፏል።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ባንኮቹ ይህን ተረት ገልብጠውታል። ሃምሳውን ሎሚ በአንዱ ደካማ ጫንቃ ላይ ጭነው፣ ለቀሪው አርባ ዘጠኝ ሰው «የእናንተ ነጻ ነው» አሉት። ስለዚህ «እኔ በሕይወቴ ቻርጅ ተደርጌ አላውቅም፣ ገንዘቤን በሥርዓት ነው የምይዘው» ብላችሁ የጻፋችሁ ወንድሞቼ፣ እውነታችሁን ነው፤ ጎበዞች ናችሁ። ግን የአካውንታችሁ ነጻነት በከፊል የተከፈለው፣ ሌሊት ቢሮ ስትጠርግ አድራ ጠዋት ስቴትመንቷን ለማየት በምትፈራ ሴት ነው። እሷን «አታፍርም ወይ?» ማለት ትንሽ ይከብዳል።

ኤፍ.ሲ.ኤ. በመጨረሻ ከኤፕሪል 6 ቀን 2020 ጀምሮ ሕጉን ቀየረው። ለኦቨርድራፍት በቀን ይሄን ያህል፣ በወር ይሄን ያህል የሚባል ቁርጥ ክፍያ ቀረ። በዓመታዊ ወለድ ብቻ እንዲያስከፍሉ ሆነ። ያልተፈቀደው ኦቨርድራፍት ከተፈቀደው በላይ እንዳያስከፍል ተከለከለ። ለተመለሰ ክፍያም የሚጠየቀው ባንኩ ካወጣው ወጪ ጋር የሚቀራረብ መሆን አለበት ተባለ። እናንተ «ፍትሐዊ ነበር» የምትሉትን ነገር ተቆጣጣሪው አካል ይህን ያህል ርቆ ሄዶ ከከለከለው፣ ክርክሩን ማን አሸነፈ?

ባንኮቹስ ምን አደረጉ? ብዙዎቹ የተፈቀደውን ኦቨርድራፍት ወለድ ወደ 40 በመቶ ገደማ አወጡት። እንደ ድሮው በአንድ ቀን 35 ፓውንድ ላፍ አያደርግም። ቀስ እያለ ነው፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ። 1,000 ፓውንድ ኦቨርድራፍት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ወደ 400 ፓውንድ ይከፍላል፤ ዕዳው ግን ያው 1,000 ነው። እስከ 2019 ድረስ ደግሞ በስልኩ «ያለዎት ቀሪ» የሚለው ላይ የባንኩ ብድር ተደምሮ ይታይ ስለነበር፣ ሰው የራሱ ገንዘብ ይመስለው ነበር። ብዙ ሰው ዕዳ ውስጥ መሆኑን እንኳን አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከፈረደ ወዲያ ምን ይጠየቃል?» ላላችሁኝ።

«ክፍያው በዛ፣ ስለዚህ መልሱ» የሚለው ክርክር ከ2009 ወዲህ ብዙም አያስኬድም። እውነቱን መናገር አለብኝ። የሚያስኬደው ሌላ ነው። «ተቸግሬ ነበር፤ እናንተም አውቃችኋል ወይም ማወቅ ነበረባችሁ፤ እያወቃችሁ በላይ በላዩ ጨመራችሁብኝ» የሚለው ነው። ባንክ ዕዳ መክፈል ያቃተውን ደንበኛ በትዕግሥትና ሁኔታውን በማየት እንዲይዝ በተቆጣጣሪው ሕግ ግዴታ አለበት። ኦቨርድራፍት ውስጥ ተዘፍቆ የማይወጣን ደንበኛም ለይቶ እንዲያነጋግር ግዴታ አለበት። ይሄ በጎ ፈቃድ አይደለም። ቻሪቲ አይደለም።

ባንኩ አላውቅም ነበር ሊል አይችልም። ስቴትመንቱ እሱ ጋ ነው ያለው። ደመወዝ መግባት ያቆመበትን ቀን ያያል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ብቻ መግባት የጀመረበትን ወር ያያል። ከፔይዴይ ሎን ድርጅት ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ ያያል። አካውንቱ ለአሥር ወር ከዜሮ በላይ ወጥቶ እንደማያውቅ ያያል። ኤርፖርት ሄዳችሁ ካርዳችሁን ብትጠቀሙ በደቂቃ ውስጥ «እርስዎ ነዎት ወይ?» ብሎ ቴክስት የሚልክ ባንክ፣ የሰውየው ኑሮ ዓመት ሙሉ ሲፈርስ አላየሁም ቢል ማን ያምነዋል?

እድራችንን አስቡት። እድር ቅጣት የለውም እንዴ? አለው! ወርኃዊ መዋጮ ያልከፈለ ይቀጣል፣ ቀብር ያልወጣ ይቀጣል። ግን ሰውየው ለሦስት ወር ከጠፋ ዳኛው መጀመሪያ የሚለው «ምን ሆኖ ነው? እስቲ ቤቱ ሄዳችሁ እዩት» ነው። ታሞ ከተገኘ ቅጣቱ ይነሳል፤ አልፎ ተርፎም ይዋጣለታል። እቁብ ላይም ልጁ የታመመበት ሰው ሲኖር ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን ይለቅለታል። ደንብ አልባ ሆነን አይደለም። ቅጣት ከመቅጣት በፊት «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ መጠየቅን ደንቡ ውስጥ ስለጨመርነው ነው። የባንኩም ሕግ የሚለው በመሠረቱ ይሄንኑ ነው፦ ጠይቅ፣ ከዚያ እርምጃ ውሰድ። ሳይጠይቅ የወሰደውን ነው መልስ የምንለው።

እዚህ ላይ ግን ወደ ራሳችንም ዞር ልበል።

ባንኩ አንዳንዴ ይጠይቃል። ደብዳቤ ይልካል፣ ይደውላል። «የገንዘብ ችግር ገጥሞዎታል ወይ?» ይላል። እኛ ምን እንላለን? «ኖ፣ ኖ፣ አይ አም ፋይን፣ ታንክ ዩ!» ጉሮሯችን ታንቆ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለት ያደግንበት ነው። ገመናን መሸፈን ጨዋነት ነው። ለጎረቤት ነው ግን! ለቤተ ክርስቲያን ጓደኛ፣ ለአማች ነው። ለባንክ ኮምፒውተር ገመና የሚባል ነገር የለም፤ አስቀድሞ ሁሉንም ያውቃል። እናንተ «ደህና ነኝ» ስትሉ እሱ ፋይላችሁ ላይ «ደንበኛው ችግር የለብኝም ብሏል» ብሎ ይጽፋል። ነገ ተከራክራችሁ ስትሄዱ ያቺ አንዲት መስመር ትወጣባችኋለች።

ሁለተኛው ሸክም አገር ቤት ነው። ለፋሲካ፣ ለለቅሶ፣ ለሆስፒታል፣ ለወንድም ኮሌጅ እንልካለን። ሰው ኦቨርድራፍት ውስጥ ሆኖ፣ በ40 በመቶ ወለድ ተበድሮ፣ ለበዓል በግ መግዣ ሲልክ አይቻለሁ። መላኩን ማንም አይነቅፍም። ግን የምንልከው የባንኩን ገንዘብ ነው፤ በጉ ደግሞ እኛ እስክንከፍለው በግ ተኩል ያወጣል። እናቶቻችን ይህን ቢያውቁ «ልጄ፣ ይቅርብኝ» ይሉ ነበር። አንነግራቸውም እንጂ።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። «ባንክ ከከሰስኩ ወረቀቴ ላይ ችግር ይፈጥርብኛል» የሚል። ለባንክ ቅሬታ ማቅረብ የመንግሥት ድጎማ መውሰድ አይደለም። ወንጀልም አይደለም። ማንኛውም ደንበኛ ያለው መብት ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው አይደሉ እንዴ በ2006 ባንኮቹን ደብዳቤ በደብዳቤ ያደረጓቸው? እነሱ ሲጠይቁ መብት፣ እኛ ስንጠይቅ ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

አንዲት እህት ነበረች። ስሟንም ባንኩንም አልጠራም። ታማ ሥራ ካቆመች በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ኦቨርድራፍት ወለድ እየተቆረጠባት ቆይቷል። ስቴትመንቱን አብረን ተቀምጠን አየነው። ደመወዝ የቆመበት ወር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤ ጻፍን። ባንኩ መጀመሪያ «ውሉ ላይ ተጽፏል» ብሎ መለሰ። ወደ ኦምቡድስማን እንደምንሄድ ስንጽፍለት፣ ሥራ ካቆመችበት ወር ወዲህ ያለውን ወለድ አንስቶ ከዕዳዋ ቀነሰላት። የሚገርመው ገንዘቡ አይደለም። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሌባ የሆንኩ ነበር የሚመስለኝ» አለችኝ። ይሄ ነው እኔን ያቃጠለኝ። የተወሰደባት እሷ፣ ሌባ የመሰላት እሷ።

እሺ፣ ምን እናድርግ? ቅደም ተከተሉን ልጻፈው። ሴቭ አድርጉት።

1ኛ፦ መጀመሪያ እጃችሁ ላይ ያለውን ገንዘብ አትርፉ። ዕዳ ያለባችሁ ባንክ ውስጥ ደመወዝ ወይም ቤኔፊት የሚገባ ከሆነ፣ ሌላ ባንክ ሄዳችሁ «ቤዚክ ባንክ አካውንት» ክፈቱ። ትልልቆቹ ባንኮች ይህን ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ኦቨርድራፍት የለውም፤ ክፍያ ሲመለስም ቅጣት የለውም። ገቢያችሁን ወደዚያ አዙሩ። ባንክ በአንዱ አካውንት ያለባችሁን ዕዳ እዚያው ባንክ ካለው ሌላ አካውንታችሁ ላይ ሊያነሳ ስለሚችል፣ የሌላ ባንክ መሆን አለበት።

2ኛ፦ እስኪዘዋወር ድረስ ደመወዙ የሚገባው እዚያው ከሆነ፣ ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ እዘዙ። «የሚገባውን ገንዘብ መጀመሪያ ለቤት ኪራይ ይህን ያህል፣ ለካውንስል ታክስ ይህን ያህል፣ ለመብራት ይህን ያህል እንድታውሉልኝ» ብላችሁ በቁጥር። «ፈርስት ራይት ኦፍ አፕሮፕሪዬሽን» ይባላል፤ ደብዳቤው ላይ ይህን ስም ጻፉት። በየጊዜው ገንዘብ ሲገባ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል።

3ኛ፦ የስድስት ዓመት ስቴትመንት አውጡ። በአፑ ላይ ካልተገኘ «ሰብጀክት አክሰስ ሪኩዌስት» ብላችሁ ባንኩን ጠይቁ። ክፍያ የለውም፤ ባንኩ በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ መስጠት አለበት። የስልክ ንግግራችሁን ማስታወሻም አብራችሁ ጠይቁ።

4ኛ፦ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ሥሩ። ቀን፣ የተቆረጠው፣ በዚያን ጊዜ ምን ሆናችሁ እንደነበር። ሥራ ያጣችሁበት፣ የታመማችሁበት፣ የወለዳችሁበት፣ የተፋታችሁበት፣ ቤኔፊት የዘገየበት። ተማሪዎቼ፣ ይሄ የጆርናል ምዝገባ ነው፤ ታውቁታላችሁ።

5ኛ፦ ቅሬታ ጻፉ። «ኮምፕሌይንት» የሚለው ቃልና «ፋይናንሻል ዲፊከልቲ» የሚለው ቃል ርዕሱ ላይ ይኑሩ። «ትንሽ ጠቦኝ ነበር» አይሠራም። የወር ገቢና ወጪያችሁን አያይዙ። ለቤተሰብ የምትልኩትን አትደብቁ፤ ስቴትመንቱ ላይ ይታያል፤ የደበቃችሁት ሲገኝ የቀረውም አይታመንም። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከተቸገራችሁበት ቀን ጀምሮ የተቆረጠው ወለድና ቻርጅ እንዲመለስ፣ ከአሁን በኋላ ያለው ደግሞ እንዲቆም።

6ኛ፦ ባንኩ የመጨረሻ መልሱን ለመስጠት ስምንት ሳምንት አለው። ካልመለሰ ወይም መልሱ ካላረካችሁ «ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ» ሂዱ። በነጻ ነው። የመጨረሻ መልስ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ስድስት ወር ብቻ ነው ያላችሁ፤ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አትርሱት። የቆየ ጉዳይ ከሆነ በመደበኛው ነገሩ ከተፈጸመ በስድስት ዓመት፣ ወይም መጠየቅ እንደሚቻል ካወቃችሁ (ወይም ማወቅ ከነበረባችሁ) በሦስት ዓመት ውስጥ ነው፤ ከሁለቱ የዘገየው ይያዛል። ስለዚህ «ከርሞ» አትበሉ።

7ኛ፦ ዕዳው ከኦቨርድራፍት አልፎ ሌላም ካለ፣ ስቴፕቼንጅ፣ ናሽናል ዴትላይን ወይም ሲቲዝንስ አድቫይስ ነጻ ምክር ይሰጣሉ። እንግሊዝና ዌልስ ያላችሁ በአማካሪ በኩል «ብሪዚንግ ስፔስ» መጠየቅ ትችላላችሁ። ለ60 ቀን ወለድና ቻርጅ ይቆማል፤ አበዳሪም አያስጨንቃችሁም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በእጅ የሚያዝ ገንዘብ አይደለም፤ መጀመሪያ ከኦቨርድራፍቱ ላይ ነው የሚቀነሰው። ዕዳ መቀነሱም ገንዘብ ነው። ከባንኩ ጋር የምታደርጉት የክፍያ ስምምነት ደግሞ ክሬዲት ፋይላችሁ ላይ ሊታይ ይችላል፤ ቤት ለመግዛት እየተዘጋጃችሁ ከሆነ አስቡበት። ሁለተኛ፣ «እኛ እናስመልስላችኋለን» የሚሉትን ተጠንቀቁ። ከ1,500 ፓውንድ በታች ከሆነ ገንዘብ ላይ እስከ 30 በመቶ እንዲወስዱ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። የራሳችንም ሰዎች በየካፌው «ፎርም እንሞላለን» እያሉ ከድሃ ላይ ይቆርጣሉ። ባንኩ የቆረጠውን ለማስመለስ ሌላ ቆራጭ መቅጠር ምን ይባላል? ደብዳቤው እኮ አንድ ገጽ ነው! እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰው ልጁን ይጠይቅ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ያለ ተማሪ ይጠይቅ።

አንድ ተቃውሞ ቀርቷል። «ሁሉም መልሱ ካለ ባንኩ ለሁሉም ክፍያ ይጥላል፤ ነጻ አካውንት ይቀራል» የሚለው። ከ2006 ጀምሮ ባንኮቹ ሲያስፈራሩበት የኖሩበት ነው። ቅጣቱ በ2020 ቀረ፤ ተራው አካውንት ግን ዛሬም ወርኃዊ ክፍያ የለውም። ደግሞስ ቢጣልስ? አካውንት መያዝ ወጪ ካለው ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እንክፈለው። ሃምሳውን ሎሚ ለሃምሳ ሰው። ከአንድ ታማሚ ጫንቃ ላይ ወርዶ የእኔ ድርሻ በወር ሁለት ፓውንድ ከሆነ፣ እኔ ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ። እናንተስ?

አካውንታችሁ ሁልጊዜ ሙሉ የሆነ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ (ይሄኛው ልመና ነው!)። አጠገባችሁ ያለ ሰው ስለ ባንክ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ካደረገ፣ ምክር አትስጡት፤ አትፍረዱበት። «ስቴትመንቱን አምጣውና አብረን እንየው» በሉት።

የደብዳቤውን ናሙና የሚፈልግ ኢንቦክስ ያድርገኝ፤ እልካለሁ። ጥያቄ ያለው ኮሜንት ላይ ይጠይቅ። ግን አደራ፣ የአካውንት ቁጥር፣ ሶርት ኮድ፣ የስቴትመንት ፎቶ ኮሜንት ላይ እንዳትለጥፉ።

ሼር አድርጉት፤ ለምትሠሩበት ዋትሳፕ ግሩፕ ላኩት።